ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር



በመጽሔታችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳርና ስለ ዝምድና ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ነገር ግን ከመኪና ሆድ ሥር የወጣ ነው፤ ክንድ የማይሞላ፣ ጥቁር፣ ያረጀ የፍሬን ቱቦ። «ይህ የመካኒኮች ጉዳይ ነው፤ ከቤተሰብ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀየመውም። እኔም እስከ 2010 ዓ.ም. ሸዋል ወር ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። ይህ ቱቦ ግን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለአንድ ሳምንት አኳርፎኛል፤ እናቴንና ልጆቼንም ለከፋ አደጋ ሊዳርግብኝ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከነጥፋቴ ላጫውታችሁ።

የአባታችን ቮልስ

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው። በልጅነቴ ከሱብሒ በኋላ መድረሳ እቀራለሁ፤ ከዚያ ደብተሬን ይዤ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። ዛሬ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ነጋዴ ነበር። ሲሞት ካቆየልን ነገር ሁሉ ሰው የሚያውቀው ቮልስዋገኗን ነው። የ1966 እ.ኤ.አ. ሞዴል ስትሆን አባባ የገዛት አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ የውጭ አገር መምህር ነው። ጋራ ንብረታችን ብትሆንም ትልቁ እኔ ስለሆንሁ ቁልፉ በእኔ እጅ ቀረ።

አባባ አንድ ልማድ ነበረው። ከመንገድ ገብቶ መኪናዋን እንዳቆመ ከሰው ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ በፊት አራቱን ጎማዎች እየዞረ የቸርኬውን መሐል በእጁ ጀርባ ይነካ ነበር። ልጆች ሳለን እንስቅበት ነበር። «አባባ መኪናዋን ሰላም እያላት ነው» እንል ነበር። ለምን እንደሚያደርገው ጠይቄው አላውቅም።

እንደዚህ ያሉ አሮጌ መኪኖች በአገራችን ዛሬም ብዙ ናቸው። ቮልስዋገን ይህን ዓይነቷን ባለክብ ጀርባ መኪና ማምረቱን ያቆመው በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ግን አያት የገዛትን የልጅ ልጅ ይነዳታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ ያለንን ጠግነን መያዛችን የማይቀር ነው። መጠገን ማለት ግን ሞተሩ እንዲነሣ ማድረግ ብቻ አለመሆኑን የተማርሁት በሚያሳፍር መንገድ ነው።

የተነገረኝና ያልሰማሁት

አውቶፓርኮ በሚባለው ሰፈራችን አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። የሰፈሩ ስም ራሱ ጣሊያን የመኪና ማቆሚያውን ከጠራበት ቃል የቀረ ነው። አዛውንቱ ሙያውን የለመዱት በልጅነታቸው የሠራተኞችን ቁልፍ እያቀበሉ ነው። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ዘይት ለማስቀየር ስሄድ ከመኪናዋ ሥር እንደተኙ እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ የፍሬን ቱቦዎችህ አርጅተዋል። አራቱንም ቀይራቸው።»

ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። አልተሰነጠቁም፣ ዘይት አያንጠባጥቡም። «ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አልኋቸው።

«ከላይ ሲያዩት ደህና ነው» አሉኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

እኔም የመጀመሪያውን ቃላቸውን ትቼ የመጨረሻውን ይዤ ሄድሁ። ወሩ መጋቢት ሆነ፣ ሚያዝያ ሆነ፤ ረመዳን ገባ። ከዒድ በኋላ ይደርሳል አልሁ። ገንዘቡ ጠፍቶ አልነበረም። የአራቱ ቱቦ ዋጋ ከአንድ አዲስ ጎማ ያነሰ ነበር። በእነዚያ ወራት ውስጥ ሁለት ምልክቶች ታይተውኛል። አንደኛ፣ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስለስ ይል ጀመር። ሁለተኛ፣ ስረግጥ መኪናዋ በመጀመሪያ ወደ ግራ ትሳባለች፤ እግሬን ካነሣሁ በኋላ ደግሞ ጥቂት መንገድ ወደ ቀኝ ትጎትታለች። ይህንን «የጎማ አየር ነው» ብዬ አለፍሁት።

ወደ ደባርቅ

ታናሽ ወንድሜ ደባርቅ ላይ ሱቅ ከፍቶ ይነግዳል። በዚያ ሸዋል ኒካሑ ታሰረ። የሙሽራዋ ወላጆች ከሊማሊሞ በታች፣ በዛሪማ በኩል የሚኖሩ ናቸው። ሐሙስ ዕለት እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ጭኜ ከጎንደር ተነሣሁ። እንደ ወጉ የመንገዱን ዱዓ አደረግን፤ ቢስሚላህ ብዬም ማርሽ አስገባሁ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወለቃን አልፎ ወደ ኮሶዬ ሲወጣ መኪናዋ ከበደችኝ። ሦስተኛ ማርሽ ይዛው ትወጣ የነበረውን ዳገት በሁለተኛ እንኳ ታቃስታለች። የፊዚክስ መምህር ሰበብ አያጣምና ለቤተሰቤ ማስረዳት ጀመርሁ፦ «ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል።» የተናገርሁት እውነት ነው። ነገር ግን የዚያ ቀን ምክንያት እሱ አልነበረም። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል አድርገን ደባርቅ የገባነው ከዐስር በኋላ ነው። ስንደርስ ሁላችንም ወደ ሰርግ ቤቱ ተጣደፍን። ጎማ የዳሰሰ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ የመልስ ቀን ነበር። ወንድሜ ሙሽራይቱን ይዞ ወደ ወላጆቿ ሊወርድ ነው። በአባታችን መኪና ይዟት ሊገባ ይፈልግ እንደነበር ከሳምንታት በፊት ነግሮኝ ነበርና ቁልፉን ሰጠሁት። ወደ ነዳጅ ማደያ ሄዶ ሞልቶ ተመለሰ። ሚዜዎቹ ዕቃ መጫን ጀመሩ። በዚህ መሐል እናቴ ከበሩ ብቅ አለችና አፍንጫዋን ያዝ አደረገች።

«ምን ነገር ነው የተቃጠለ የሚሸተኝ? አባታችሁ ቢኖር ይህን ሽታ ሳይዳስስ አያልፈውም ነበር» አለች።

ወደ ግራው የፊት ጎማ ሄጄ የቸርኬውን መሐል በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ ለብ ብሏል። ወደ ቀኙ ዞርሁ። እጄን ገና ሳላስጠጋ ወላፈኑ መለሰኝ። ከጀበናው አጠገብ ከነበረው ውኃ ጥቂት አምጥቼ ረጨሁበት፤ ጠብታው ተንጫጭቶ ጠፋ። ነዳጅ ማደያው ድረስ ደርሶ መልስ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው! አባባ ለምን ይነካ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ፍሬኑን ያልለቀቀ ጎማ ይግላል፤ ዓይን የማያየውን እጅ ያገኘዋል።

ቁልፉን ከወንድሜ እጅ ወሰድሁ። «በዚህ መኪና ሊማሊሞን አትወርድም» አልሁት። ሚዜዎቹ ዝም አሉ። ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ በሰው ፊት እንዲህ ታደርገኛለህ? ከትናንት ወዲያ እማማንና ልጆችህን ጭነህ የመጣህበት መኪና ዛሬ ለእኔ ሲሆን ተበላሸ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። የተናገረው ልክ ነበር። እነሱ ሚኒባስ ተከራይተው ሄዱ። ወንድሜ ሳይሰናበተኝ ወረደ።

ሊማሊሞ ምን ይጠይቃል?

ሊማሊሞን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከደባርቅ በስተ ሰሜን የስሜን ተራራ ጫፍ ድንገት ይቋረጥና መንገዱ ገደሉን እየታከከ፣ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መንገዱን የቆረጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ አገራችንን በወረሩበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ። በሰኔ ጉም ይወርድበታል፤ መንገዱም ይረጥባል።

አራት ሰው የጫነች ቮልስ ከነተሳፋሪዋ 1100 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች። አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 11 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ ጉልበት ጎንደር ላይ 35 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ይህ ሁሉ ሙቀት የግድ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይይዝለታል። በከፍተኛ ማርሽ ለቅቆ በፍሬን ብቻ ከወረደ ግን ሁሉም በፍሬን ሸራውና በከበሮው ላይ ያርፋል።

ታዲያ አንደኛው ጎማ ገና በሜዳው መንገድ ፍሬኑን አልለቅ ብሎ ከጋለ በቁልቁለቱ ላይ ምን ሊሆን ነው? ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። አዲስ ዶት 3 የሚባለው ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ደንቡ ያዛል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደንቡ የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጠው እስከ ወለሉ ይሄድለታል፤ መኪናዋ ግን አትቆምም።

የእኛዋ መኪና ደግሞ ሌላ ጉድ አለባት። በኋላ ዘመን የተሠሩት መኪኖች ፍሬናቸው በሁለት መሥመር የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የ1966ቷ ቮልስ ግን አንድ መሥመር ብቻ ነው ያላት። አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። የሚተርፈው በሽቦ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ያን ዕለት አይደለም። ፈሳሽ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲጫኑት ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል የሚለውን የፓስካልን ሕግ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ምሳሌ የማደርገውም የመኪና ፍሬንን ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. ዱሰንበርግ የተባለው የአሜሪካ መኪና በአራቱም ጎማ በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ይዞ ለገበያ እንደቀረበ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ከእርሱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በ1206 እ.ኤ.አ. አል-ጀዘሪ በዲያርበክር ባጠናቀቀው የመሣሪያዎች መጽሐፉ ውስጥ በሲሊንደርና በፒስተን የሚሠራ የውኃ መሳቢያ እንደገለጸም በኩራት እጨምርላቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይ የማውቀውን ነገር በራሴ መኪና ሥር ጎንበስ ብዬ ማየት ግን አቃተኝ።

ሦስቱ ተጠርጣሪዎች

መኪናዋን በወንድሜ ግቢ ትተን በሚኒባስ ወደ ጎንደር ተመለስን። ሰኞ ጧት ወደ አዛውንቱ መካኒክ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ተናገርሁ። «ነግሬህ አልነበረም?» አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። «ቱቦውን ፈልግና አብረን እንወጣለን» አሉኝ።

ጎንደር ላይ ከአንድ ሱቅ ያገኘሁትን ይዤላቸው ብሄድ ጠምዘዝ አድርገው አጠፉትና ጆሮአቸው አጠገብ አስጠግተው አዳመጡት። ሽፋኑ ተንጣጣ። «ይህ ሳይሠራበት መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው። ጎማ ተቀምጦም ይሞታል» ብለው መለሱልኝ። በመጨረሻ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚያውቁት ሰው አራቱንም ገዝቶ በአውቶብስ ላከልን። ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ ተነሥተን ደባርቅ ደረስን።

ወንድሜ በሩን ከፈተልን። አዛውንቱን እጅ ነሥቶ ተቀበለ፤ እኔን ግን በአንገቱ ብቻ ሰላም አለኝ።

ሥራው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ የኋላ ጎማዎች ላይ ድንጋይ አደረግን፤ የቀኙን የፊት ጎማ በክሪክ አንሥተን ከሥሩ ጠንካራ ጉማጅ አስገባን። «በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይገባም» አሉኝ። መኪናዋ ሳምንት ሙሉ ስለቆመች ጎማው በእጅ ሲገፋ በነፃነት ዞረ። ከዚያ አዛውንቱ ቀና ብለው ወንድሜን ጠሩት።

«አንተ ሙሽራ! ና ግባና ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ርገጥልኝ። አሁን ልቀቅ።»

ወንድሜ ለቀቀ። ጎማው ግን እንደተያዘ ቀረ። በሁለት እጄ ብገፋው አልነቃነቅ አለ።

«ሦስት ተጠርጣሪ አለን» አሉ አዛውንቱ። «አንደኛው ዋናው ፓምፕ ነው፤ ዘይቱን አልመልስ ብሎ ይሆናል። ሁለተኛው ቱቦው ነው። ሦስተኛው ጎማው ላይ ያለው ሲሊንደር ወይም የሸራው ሞላ ነው። አሁን እንጠይቃቸዋለን።»

የብረቱ ቧንቧ ከጎማው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ነት በ11 ቁልፍ ጥቂት ላላ አደረጉት። ጥቂት ዘይት ወጣ፤ ጎማው ግን አሁንም እንደተያዘ ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይዞት ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ሲከፈት ጎማው ይለቅ ነበር። ስለዚህ ፓምፑ ነፃ ወጣ። ነቱን መልሰው አጠበቁና ጎማው ላይ ያለችውን ትንሿን የአየር ማስወጫ ቡሎን ከፈቱ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማውም ወዲያው ዞረ። ሲሊንደሩና ሞላው ደህና ባይሆኑ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ዘይቱ የታሠረው በሁለቱ መካከል፣ በቱቦው ውስጥ ነው ማለት ነው።

«እግርህ በኃይል ሲገፋው ያልፋል፤ የሸራው ሞላ ግን ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ መመለስ ያቅተዋል» አሉኝ። መኪናዋ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ትሳብ የነበረው ለዚህ ነበር። ስረግጥ ቀኙ ዘግይቶ ይይዛል፤ ስለቅ ደግሞ ዘግይቶ ይለቃል።

ከዚያ ወደ ግራው ሄዱና ወንድሜ ፔዳሉን በኃይል ሲረግጥ ቱቦውን በእጃቸው ጨበጡት። «ና ያዘው» አሉኝ። በእጄ ውስጥ አበጠ፤ እንቁራሪት እንደዋጠ እባብ መሐሉ ላይ ጉብ አለ። ፔዳሉን ያላላው ይህ ነበር። የቀኙ ታፍኗል፤ የግራው ሊፈነዳ ደርሷል። ሁለቱም ከላይ ሲያዩአቸው ደህና ናቸው።

«ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!»

መፍታቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መገናኛዎቹን በሽቦ ብሩሽ አጸዱ፤ የዛገውን ዘይት ቀብተው አቆዩት። ሲፈቱ በአንድ ቁልፍ ቱቦውን ይዘው በሌላው ነቱን ያዞራሉ። በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚታገል ሰው የብረቱን ቧንቧ ጠምዝዞ ይሰብረዋል። አዲሱን ሲያስገቡ ቱቦው እንዳይጠማዘዝ ጠበቁ፤ መያዣ ክሊፑን በቦታው መለሱ። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አስዞሩኝና ቱቦው ከጎማው ጋር እንደማይፋተግ፣ እንደማይወጠርም አዩ። የብረት ቧንቧ ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ጎማው ይዞራል፣ ይነጥራልም። የኋላዎቹንም ሁለቱን እንዲሁ ቀየሩ። «አንዱ ካረጀ እኩያዎቹም አርጅተዋል» አሉኝ።

ከዚያ አየር ማስወጣት መጣ፤ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከፓምፑ እጅግ ከሚርቀው፣ ከቀኙ የኋላ ጎማ ይጀመራል፤ ቀጥሎ የግራው የኋላ፣ ከዚያ የቀኙ የፊት፣ በመጨረሻ የግራው የፊት ይሆናል። በቡሎኗ ጫፍ ላይ ግልጽ የግሉኮስ ቱቦ ይሰካና ሌላው ጫፍ ጥቂት አዲስ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። አንዱ ይረግጥና ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ቡሎኗን ከፍቶ መልሶ ይዘጋል። ሳይዘጋ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች መነጋገር የግድ ነው።

አዛውንቱ የመጀመሪያውን ጎማ ሠርተው አሳዩኝና 7 ቁልፉን ሰጡኝ። «አሁን አንተ ቀጥል። እኔ የዘይት ዕቃው እንዳይጎድል እጠብቃለሁ፤ ባዶ ከሆነ ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ነው» ብለው ወደ ፊት ሄዱ። መሬት ላይ ተኛሁ። ወንድሜ መሪው ላይ ተቀምጧል። ሰባት ቀን ሙሉ አልተነጋገርንም።

«ርገጥ» አልሁ።

ዝም አለ። መርገጡን እንዴት ልወቅ?

«ርገጥ!»

«ረግጫለሁ» አለ።

«ያዝ።»

«ይዣለሁ።»

ከፈትሁ። ቡናማ ዘይት ከአረፋ ጋር ወጣ። ዘጋሁ። «ልቀቅ።» «ለቅቄአለሁ።» እንዲህ እያልን ሦስቱን ጎማ ጨረስን። ዘይቱ መጀመሪያ እንደ ቡና፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ፣ በመጨረሻ ንጹሕ ሆኖ ያለ አረፋ ወጣ። የወጣውን ዘይት መልሶ መጠቀም አይገባም፤ ቀለም ይልጣል፤ ቢጠጣ መርዝ ስለሆነ ከልጆች መራቅ አለበት። ወንድሜ በመጨረሻ ሲረግጠው ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ቆመ። «ጋሼ፣ ጠነከረ!» ሲል ድምፁ ሳያስበው የድሮው ሆነ።

ምሳ ከመብላታችን በፊት አዛውንቱ የቀኙን አሮጌ ቱቦ በምላጭ ለሁለት ሰነጠቁት። የውስጡ ጎማ አብጦና ተልጦ መተላለፊያው የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቀርቷል። ጎማ በዕድሜ ብዛት እንዲህ ይሆናል። አንዳንድ ሰው በስሕተት የሞተር ዘይት ወደ ፍሬን ዕቃው ሲጨምርም ቶሎ ያብጣል። ወንድሜ ቱቦውን ተቀብሎ እያገላበጠ አየው።

«ጋሼ፣ እማማን ጭነህ የመጣኸው በዚህ ነው?»

«አዎ» አልሁት። «እንዲቀየር በየካቲት ተነግሮኝ ነበር። ችላ ያልሁት እኔ ነኝ። ቁልፉን ከእጅህ መውሰዴ ትክክል ነበር፤ ለአንተ ያንን ቁልፍ መስጠቴ ግን በደል ነው። አውፍ በለኝ።»

ቱቦውን ኪሱ ከተተና «ና፣ ምሳ ይቀርባል» አለኝ።

ግመሏን ማሰር

ውድ አንባብያን፣ ግመሌን አስሬ በአላህ ልመካ ወይስ ለቅቄአት ልመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስረህ ተመካ ማለታቸውን የማያውቅ የመድረሳ ልጅ የለም። እኔም በልጅነቴ ቀርቼዋለሁ፤ ለተማሪዎችም ነግሬአለሁ። ያን ሐሙስ ጧት ግን ዱዓዬን አድርጌ፣ ቢስሚላህ ብዬ የተነሣሁት ገመዱ መበጠሱ በተነገረኝ ግመል ላይ ነበር። እናቴ፣ ባለቤቴና ልጆቼ በእኔ እጅ አማና ነበሩ። እነሱ የቱቦውን ነገር አያውቁም፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ፣ ሹፌር የቀጠረም ጭምር፣ እነዚህን ይያዝልኝ። ከመንገድ ስትገቡ በፔዳሉ በጣም ባትጠቀሙም እንኳ የቸርኬውን መሐል በእጃችሁ ጀርባ አስጠግታችሁ አራቱን አስተያዩ፤ አንዱ ከእኩያው በጣም የጋለ ከሆነ ጠይቁ። ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወይም ሲለቀቅ ወደ አንድ ጎን ከተሳበ፣ በሜዳ ላይ ያለ ምክንያት ከከበደ አታሳድሩት። ቱቦው ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ፣ ካበጠ ወይም ከረጠበ ጥንድ ጥንዱን ቀይሩ። የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ገደማ አድሱ፤ ከተከፈተ ቆይቶ የተረፈውን አትጠቀሙ። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ግቡ። ሥራውን የማያውቅ ሰው ደግሞ በፍሬን ላይ አይለማመድ፤ የሚያውቅ ሰው ይጥራ፤ የሚነግረውንም ይስማ።

በዚያው ዓመት ለዐረፋ ወንድሜ ጎንደር መጣ። ባለቤቱን ይዞ ወደ አማቾቹ ሊወርድ ነበርና መኪናዋን ጠየቀኝ። ወቅቱ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አላባራም። ቁልፉን ሰጠሁት፤ ስለ ማርሹ ልነግረው አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞ «በሁለተኛ ማርሽ፣ አውቃለሁ» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ከእጄ አልለየሁም። ከዐስር በኋላ ደወለ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ደርሰናል። ዳሰስኋቸው፤ አራቱም እኩል ናቸው።»